መልስ፦ በአነስተኛ ገንዘብ ጥሩ ቢላዋ ስለ መምረጥ
ከደሴ ገበያ በአነስተኛ ገንዘብ የሚበረክት የወጥ ቤት ቢላዋ እንዴት እንደሚመረጥ ለጠየቁት እህታችን፦ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን ስብስብ ትተው፣ በዚያው ገንዘብ ለሥጋና ለሽንኩርት የሚሆን አንድ ሰፋ ያለ ቢላዋ ድንች ከሚላጥበት ትንሽ ቢላዋ ጋር ቢገዙ ይሻላል። ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ መዝለቁን፣ በእንጨቱና በብረቱ መካከልም ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለመኖሩን በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ፤ ውሃ የሚገባበት እጀታ ውሎ አድሮ መላላቱ አይቀርምና። ማንጸባረቁ አያታልልዎ። ርካሹ የማይዝግ ብረት ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይዶለዱማል፤ ካርቦን የበዛበትና በአግባቡ የጠነከረ ብረት ስለቱን ይዞ ቢቆይም፣ በደሴ የክረምት ጭጋግ ሳይደርቅ ካደረ (ይህን ሻጮች አይነግሩዎትም) ዝገት ያወጣል። የተረፈውን ገንዘብ ለመሳያ ድንጋይ ያውሉት፤ ሲስሉም ቢላዋውን ከድንጋዩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብለው ሁለቱንም ጎን እኩል ይሳሉ።