ያቺ ቀስት ስንት ጊዜ ትሄዳለች?

ባለፈው ሰሞን ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ቡና ስንጠጣ አንድ ወጣት ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ክላስ ዳያግራም ለፕሮግራም ፍጥነት ምን ይረባል?» አለኝ። የሶፍትዌር ክፍሎችን በሣጥን፣ ግንኙነታቸውን በቀስት የሚያሳየውን ሥዕል ማለቱ ነው። ወሬ ቀየርኩበት። አፌን የያዘኝ የቆየ ጉዳይ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ለገጣፎ አካባቢ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሶፍትዌር እሠራ ነበር። ዩኤምኤል የሚባለው የእነዚህ ሥዕሎች የጋራ መሣያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1997 ቢጸድቅም ለእኛ ገና አዲስ ነበር። «ማኅበር»፣ «አባል»፣ «ክፍያ» እያልኩ ሣጥኖቹን ስዬ፣ በቀስት አያይዤ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። በሥዕሉ እያንዳንዱ «አባል» የራሱን ክፍያ ራሱ ከዳታቤዝ ያመጣል። ያምር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም ውብ ይመስለኛል።

መስኮት ላይ የምትሠራው ኢንኮደር ልጅ ሥዕሉን ቆማ አየችና «ይቺ ቀስት ስንት ጊዜ ነው የምትሄደው?» አለችኝ።

«አንቺ መረጃሽን አስገቢ» አልኳት። አጠገባችን የነበሩት ሳቁ።

ሙከራዬ በ20 አባላት፣ ጠረጴዛዬ ሥር ባለ ሰርቨር ነበር። የማኅበሩ አባላት 3,000 ናቸው፤ ሰርቨሩ ደግሞ መሀል ከተማ። የክፍያ ዝርዝር ሲታዘዝ አንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ለስሞቹ፣ ከዚያ ለየአባሉ አንድ አንድ፤ 3,001 ምልልስ። አንዱ 0.2 ሰከንድ ቢፈጅ 10 ደቂቃ ነው። የኔትወርክ መስመሩ ግን 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ አይቆይም፤ በተቋረጠ ቁጥር ከሀ ይጀምራል። ቅዳሜ ነበር፣ ዝናብ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። በእግራቸው የመጡ እናቶች እስከ ቀትር ጠብቀው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቁጣውን መስኮቱ ላይ የተቀበለችው እሷ ናት፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ኮድ የማይ መስያለሁ።

ማስተካከያው የአንድ ከሰዓት ሥራ ሆነ፦ የሁሉንም ክፍያ በአንድ ኩዌሪ አምጥቶ ለየአባሉ ማከፋፈል። ልክ እንደነበረች ሳልነግራት ሥራዋን ለቀቀች።

ሳትለኩ ለማፍጠን አትሩጡ ስል ኖሬያለሁ። ያቺን ቀስት ግን ገና አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ መቁጠር ይቻል ነበር። እናንተ የዛሬ ወጣቶችማ ቀስቷንም አታዩዋት፤ ፍሬምወርኩ፣ ማለትም ኮድ የምትሠሩበት ዝግጁ ማዕቀፍ፣ ኩዌሪውን ደብቆ ይልክላችኋል፣ ሲዘገይ «ሰርቨር ይጨመር» ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ማርቴ የተባለ የዩኤምኤል ማሟያ ወጥቶ ጊዜንና ድግግሞሽን ሥዕል ላይ መጻፊያ ደንብ አበጅቷል። ለእኔ እርሳስ ይበቃኛል።

ጎረቤቴ፣ በቴሌግራም የላክልኝን ሥዕል አየሁት። ከ«ደንበኛ» ወደ «ትእዛዝ» የሄደችው ቀስት ላይ ቁጥር የለም። ቅዳሜ ይዘኸው ና።