በቀን የሚለዋወጥ ዋጋን ከደረሰኝ ጋር ማገናኘት

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ፣ ከአንዲት የእህል መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ነው። በኤክሴል ሁለት ሠንጠረዦች አሏቸው። አንዱ ቀን፣ የእህል ዓይነትና ኩንታል የሚመዘገብበት የደረሰኝ መዝገብ ነው። ሌላው የዋጋ ዝርዝር ሲሆን፣ መጋዘኑ ዋጋውን የሚከልሰው በባቲ የሰኞ ገበያ ስለሆነ እያንዳንዱ ረድፍ መነሻና መድረሻ ቀን አለው። በቪሉክአፕ (VLOOKUP፣ ከሌላ ሠንጠረዥ ፈልጎ በሚያመጣ ቀመር) የዕለቱን ዋጋ ለማምጣት ቢሞክሩ አንዳንዱ ረድፍ ስሕተት፣ አንዳንዱ የሌላ ሳምንት ዋጋ ያሳያቸዋል።

እኅቴ፣ ቀመሩን ከመንካትዎ በፊት የቀን ዓምዱን ይመልከቱ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ፤ ኤክሴል ግን የሚያነበው በጎርጎርዮስ ነው። ኮምፒውተርዎ ቀንን ከወር አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነ 28/02/2018 ብለው ጥቅምት 28ን ሲጽፉ የፈረንጆች ፌብሩዋሪ 28 አድርጎ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30ን ሲጽፉ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ነው፤ ከናካቴው አያውቀውም። አሰላለፉን በእጅ ካልቀየሩት ወደ ግራ የተጠጋው ጽሑፍ፣ ወደ ቀኝ የተጠጋው ቁጥር ነው። ሁለቱ በአንድ ዓምድ ከተቀላቀሉ የትኛውም ቀመር ትክክለኛ መልስ አይሰጥዎትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምዶች ለይተው ይጻፉ። በአራተኛው ዓመቱን በ10000፣ ወሩን በ100 አባዝተው ከቀኑ ጋር ይደምሩ። ጥቅምት 30 ቀን 2018 እንግዲህ 20180230 ይሆናል፤ ኅዳር 1 ደግሞ 20180301። ጳጉሜን 5 ቀን 2018 20181305 ስለሚሆን ከመስከረም 1 ቀን 2019 ያንሳል፤ ቅደም ተከተሉ አይፋለስም። በዚህ ቁጥር በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ማስላት አይቻልም፤ ለማነጻጸር ግን ከበቂ በላይ ነው። የዋጋ ዝርዝሩንም መነሻና መድረሻ በዚሁ መንገድ ይቀይሩ።

አሁን ሰምኢፍስን (SUMIFS፣ ቅድመ ሁኔታዎችን የሚያሟሉ ረድፎችን ብቻ የሚደምር ቀመር) ይጠቀሙ። የሚደመረው የዋጋ ዓምድ ነው። ቅድመ ሁኔታዎቹ ሦስት ናቸው፦ የእህሉ ዓይነት ከደረሰኙ ጋር አንድ ይሁን፣ መነሻው ከደረሰኙ ቀን ይነስ ወይም እኩል ይሁን፣ መድረሻው ይብለጥ ወይም እኩል ይሁን። ምልክቱን በጥቅስ ውስጥ ለመነሻው "<="፣ ለመድረሻው ">=" ብለው ጽፈው በ& ከደረሰኙ ሴል ጋር ያያይዙት፤ ሴሉን ጥቅሱ ውስጥ ካስገቡት አይሠራም። ገና ያልተዘጋው የመጨረሻ ዋጋ መድረሻው ባዶ ከሆነ ስለሚታለፍ 99991230 ብለው ይሙሉት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ሰምኢፍስ ሲሳሳት አይናገርም። የማሽላው አሮጌ ዋጋ ሰኞን ጨምሮ ከተጻፈና አዲሱም ከሰኞ ከጀመረ ሁለቱን ዋጋዎች ደምሮ ይሰጥዎታል። በመካከል ክፍተት ካለ ደግሞ ዜሮ ያመጣል፤ ገበሬው በነጻ የሸጠ ይመስላል። ስለዚህ በአጠገቡ በካውንትኢፍስ (COUNTIFS፣ የሚያሟሉትን ረድፎች በሚቆጥር ቀመር) እነዚያኑ ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ይቁጠሩ። ከ1 የተለየ ቁጥር ያለበት ረድፍ ሳይታረም ክፍያ አይዘጋጅበት።

የእህሉ ዓይነት አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቪሉክአፕም ይበቃ ነበር፤ መነሻውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ የመጨረሻውን ምርጫ 1 ማድረግ ነው። ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ በተቀላቀሉበት ዝርዝር ግን አልመክርዎትም።

ከሁሉ በፊት ግን ከግዢ ክፍሉ ጋር ይስማሙ፦ የሚፈለገው እህሉ የተገዛበት ቀን ዋጋ ነው ወይስ መጋዘን የገባበት? እሑድ ተገዝቶ ሰኞ የደረሰ ጭነት በሁለቱ ቀኖች ሁለት ዋጋ አለው። ደረሰኙ አንዱን ቀን ብቻ ከያዘ ሌላውንም የሚያሳይ ዓምድ ይጨምሩ።