ላምሽ በእብድ ውሻ በሽታ ለተያዘችብሽ እህቴ

ውሻ ነክሷት የነበረችው ላምሽ ለሃጯ እየተዝረበረበ፣ ያለወትሮዋ እያጓራች ነው። ሐኪሙ ትወገድ ብሏል። ባልሽ ደግሞ «ሥጋዋ እንኳ ይትረፍ» ይላል። እንቅልፍ አጣሁ ያልሽው በደንብ ይገባኛል፤ እኔም ሱሉልታ ሆኜ ይህንኑ አይቻለሁ።

1. መድኃኒት ፍለጋ አትንከራተቺ። ምልክቱ ከታየ በኋላ አትድንም፤ በቀናት ውስጥ ትሞታለች። በመርፌ አድናታለሁ የሚልሽ ካለ ገንዘብሽን ሊበላ ነው።

2. ማንም እጁን አፏ ውስጥ እንዳይከት! መዋጥ ስለሚያቅታት የታነቀች ትመስላለች። የእኔን ላም ዳለቻን ጎረቤቴ «ድንች አንቋት ነው» ብሎ እጅጌውን ሲሰበስብ ነው ጎትቼ ያስቆምኩት። ለሃጯ የነካው ሰው 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይታጠብና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጥሬ ወተቷን የጠጣም አብሮ ይሂድ።

3. ሥጋዋን በተመለከተ... ዳለቻን ከጥጃነቷ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የልጆቼ ደብተር የተገዛው በእሷ ወተት ነው። የሚያስወግድልኝ ባለሙያ ፍለጋ ቢሮ ስሄድ፣ ሰውዬው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ለአንድ ላም ነው እንዲህ የምታለቅሺው? አሳርደሽ ሽጫት» አለኝ። የእንስሳት ጤና ቢሮ ተቀምጦ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሥጋ ነጋዴም እቤቴ ድረስ ብር ይዞ መጣ። በሩን አሳየሁት። ራሴ የማልበላውን ለሰው ልጅ አላበላም። ሐኪም በግሌ ከፍዬ አስወገድኳት፤ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኳት። ዕዳው ከብዶኝ ነበር፣ ግን ከፍዬ ጨርሻለሁ። በዚያ ውሳኔዬ እኮራለሁ።

ልጆችሽ ስትወገድ አይዩ፤ «ተሸጠች» ብለሽም አትዋሻቸው። ትንሹ ልጄ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነው የተሰናበታት። ለምን ሊነካት እንደማይችል ስነግረው ገባው። አለቀሰ፣ አብሬው አለቀስኩ።

ሰፈርተኛው ተናዶ የውሻ ዘር ይጥፋ ማለቱ አይቀርም። እሱን አትስሚ። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮን የሚፈጀው ይኸው ከውሻ የሚሻገር በሽታ ነው፤ እዚያም የሚሠራው የመንደሩን ውሾች መከተብ ነው። እኛ ሰፈር አሁን በየዓመቱ ውሾቹን ሰብስቤ የማስከትበው እኔ ነኝ።

ይህን ለባልሽ አንብቢለት። ካላመነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ስልኬን እልክልሻለሁ፤ እኔው አናግረዋለሁ።