ወንድሟ 15 ዓመት ለተፈረደበት እህታችን

እህቴ፣ ወንድምሽ በድንበር ጠብ ሰው ገድሎ 15 ዓመት ጽኑ እስራት እንደተፈረደበት፣ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ በእናንተ እጅ እንደቀሩ ጽፈሻል። ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ትገፉታላችሁ፣ ለልጆቹስ ምን ይባላል ነው ጥያቄሽ። የምመልስልሽ የታሳሪ ልጅ ሆኜ ስላደግሁ ነው። አባቴ በነፍስ ግድያ 18 ዓመት ተፈርዶበት ባሕር ዳር ሲታሰር አራተኛ ክፍል ነበርሁ፤ በአመክሮ ሲወጣ እኔም ወልጄ ነበር።

መጀመሪያ ቁጥሩን በደንብ እወቁት። ለተራ የሰው ግድያ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል፤ የወንድምሽ 15 ወደ ላይ የተጠጋ ነው። ከፍርዱ በፊት በቀጠሮ የታሰረበት ጊዜ ይታሰብለታል። ጠባዩ መልካም ከሆነና ካሳውን እንደ አቅሙ ከከፈለ፣ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ፣ ማለትም 10 ዓመት ላይ፣ በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። ይችላል ነው እንጂ የተቆረጠ ነገር አይደለም። እናቴ ለአዲስ ዓመት ይቅርታ አለ የሚል ወሬ በሰማች ቁጥር ቤቱን ትለቀልቅ፣ ጠላ ትጠነስስ ነበር። ስሙ ከዝርዝሩ ሲጠፋ ደግሞ አልጋ ትይዛለች። ከመጀመሪያው ፍርድ ይልቅ ያደከማት ይህ ተስፋ ነው። እናንተ ቢያንስ 10 ዓመት ብላችሁ ቁረጡና ኑሯችሁን በዚያ ልክ አድርጉ፤ ይቅርታ ከመጣ እሰየው።

የውጩ እስራት የሚጀምረው ከጓዳ ነው። እኛ ጣና ሐይቅ ዳር ያለችው የዘጌ ሰዎች ነን። ዘጌ እንደምታውቂው በሬ አይጠመድበትም፣ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው። አባቴ ሲታሰር ቡናው ለሌላ ሰው በእኩል ተሰጠ፤ እኩሉም በየዓመቱ እያነሰ መጣ፣ ምክንያቱም ቆሞ የሚቆጥር ሰው አልነበረንም። ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን አቋረጠ። እናቴ እንጨት በታንኳ ጭና ባሕር ዳር እየሸጠች በዚያው ስንቅ ታቀብል ነበር። ስንቅ ለማቀበልና ለመጠየቅ ሰልፍ የዋለችበት ቀን የገበያዋም ቀን ነው፤ ስለዚህ አንድ ጥየቃ ስንቁንም የዕለት ገቢውንም ይወስዳል። በበዓል ሰሞን ሰልፉ እንዴት እንደሚረዝም የደረሰበት ያውቀዋል። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሣ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገዱም እንደ ልብ አይደለም፤ ከገጠር የሚመጡ ጠያቂዎች ሳይደርሱ የሚመለሱበት ቀን አለ። እኔ ብሆን ወንድምሽን የሚጠይቁትን በተራ አደርጋቸው ነበር። ሚስቱ ብቻዋን ከተሸከመችው አትዘልቀውም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ አባቴ ውስጥ ሆኖ ሽመና ተምሯል፣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሷል፣ ሠርቶ የላከልኝ ነጠላ አሁንም አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠቅመውታል ብል አልዋሽም። በእልኸኝነቱ የሚታወቅ ሰው ነበር፤ ያደረገውን አይቶ አለቀሰ፣ ንስሐ ገባ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ግን ምን እንደጨመሩለት እስከ ዛሬ አልገባኝም። መጀመሪያ ስለ እያንዳንዱ የቡና እግር ይጠይቅ ነበር፤ መሐል ላይ መጠየቅ ተወ። ስንሄድ ደኅና ናችሁ ወይ ብሎ ዝም ይላል። አያቴ ስትሞት መርዶውን የነገሩት እዚያው ውስጥ ነው፤ ለቅሶ የደረሱትም አብረውት የታሰሩት ናቸው። እናቱን አልቀበረም። ወጥቶ እንኳ ብላ ካልተባለ ማዕድ የማይቀርብ፣ የቤታችን በር ገርበብ ብሎ እያየ የሚከፍትለት ሰው የሚጠብቅ ሆኖ ነበር። ራሱን እንደ ቤቱ እንግዳ ያይ ነበር፣ እኛም ሳናስበው እንደ እንግዳ እናስተናግደው ነበር። ለልጆቹ ያለው ልክ እኛ ትናንሾች እያለን የነበረው ነው፤ ጎረምሳውን ታናሽ ወንድሜን እንደ ሕፃን ሲቆጣው ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ተኳረፉ።

ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት አጥብቄ የምመክርሽ፦ ወንድምሽን ምክር ጠይቁት። እንዳይጨነቅ ብላችሁ ነገር አትደብቁት። ማሳው ለማን በእኩል ይሰጥ፣ ጊደሯ ትሸጥ ወይስ ትቆይ፣ ልጅቷ ከተማ ገብታ ትማር ወይስ አጠገባችሁ፣ ሁሉንም ጠይቁት። የታላቅ ወንድሜን ጋብቻ ሽማግሌዎቹ እስር ቤት አባቴ ዘንድ ሄደው ፈቃዱን ሳይቀበሉ አልጨረሱም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ።

ለልጆቹ እውነቱን ንገሯቸው። ለታናሽ ወንድሜ አባትህ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄዷል ተብሎ ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ የነፍሰ ገዳይ ልጅ ብለው ነገሩት፤ አባቱን ያወቀው በስድብ ነው። ከዚያ በኋላ እናቴን ማመን ተወ። በልካቸው ንገሯቸው፦ አባታችሁ ተጣልቶ ሰው ሞቷል፣ ጥፋት ነው፣ ተፈርዶበታል፣ ይወዳችኋል፣ እንጠይቀዋለን። ወስዳችሁም አሳዩአቸው።

ይህን ሁሉ ስል የሟችን ቤት ረስቼ አይደለም። የሟች ልጆች እኛ በምንማርበት ትምህርት ቤት ነበሩ። የእኛን አባት በሽቦ አጥር ማዶ እናየው ነበር፣ እነሱ የሚያዩት የአባታቸውን መቃብር ነው። ቅጣት አይኑር የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ግን የዓመቱ መርዘም ለእነሱም ያመጣላቸው ነገር አልነበረም፤ ቂሙን ያበረደው እርቁ ነው። በእኛ አገር የሟች ልጅ ጎልምሶ ደም ልመልስ ያለ እንደሆነ 15 ዓመት ቀርቶ 25 ዓመትም አያግደውም። ስለዚህ የወንድምሽን የንስሐ አባትና ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸውን ሽማግሌዎች አሁኑኑ ላኩ፣ እሱ እስኪወጣ አትጠብቁ። መጀመሪያ እምቢ ይሏችኋል፣ እውነት አላቸው፤ ደጋግማችሁ ላኩ። የካሳውን ነገር በጽሑፍ ያዙ፤ ለአመክሮውም ለይቅርታውም ይጠየቃል።

ስለ ሚስቱ ምንም አልጠየቅሽም፣ እኔ ግን አነሣዋለሁ። ወጣት ናት። ትጠብቀው ዘንድ አታስምሏት፣ ብትሄድም አትርገሟት። እናቴ ጠብቃለች፣ ግን በገዛ ፈቃዷ ነው፤ አማቶቿ እየተከታተሉ ቢጠብቋት ኖሮ ትሄድ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች።

አሁን ደግሞ የሚያስቸኩለው። የይግባኝ ቀኑ አጭር ነው፣ ዛሬውኑ የፍርዱን ግልባጭ አውጡ። ብዙ ቤተሰብ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ተስፋ ቆርጦ የቅጣት ማቅለያ ምክንያት ሳያቀርብ ይቀራል። ከዚህ በፊት ተከሶ የማያውቅ መሆኑ፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኑ፣ እጁን ሰጥቶ ከሆነ ያም፣ በቀበሌ ማስረጃና በሰው ምስክር መደገፍ ነበረበት። ከፍርዱ ላይ የትኛው ማቅለያ እንደተያዘለትና የትኛው እንደታለፈ አስነብቡ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌላችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ግልባጩን፣ የክሱን ወረቀትና የልጆቹን የልደት ማስረጃ ይዛችሁ በጠዋት ሂዱ።