የማውዘር ሲ96 ሽጉጥና የቶካሬቭ ጥይት

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በቨርጂኒያ ሲሆን ከጨረታ አንድ አሮጌ የማውዘር ሲ96 ሽጉጥ ገዝቻለሁ። ሻጩ «የቶካሬቭ ጥይት ልክ ይሆንለታል» ብሎኛል። አሞላሉንና ሳልተኩስ ጥይቱን የማወጣበትን መንገድ ቢነግሩኝ።

መልስ፦ ሻጩ ልክ ይሆናል ያለው እውነቱን ነው፤ እርስዎ ግን በቶካሬቭ ጥይት አይተኩሱበት። ይህ ሽጉጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1896 እስከ 1937 ሲመረት የቆየ ሲሆን፣ በአብዛኛው የተሠራለት ጥይት 7.63 ሚሊ ሜትር የማውዘር ጥይት ነው። 7.62 ሚሊ ሜትሩ የሶቪየት ቶካሬቭ ጥይት የተወለደው ከዚሁ ስለሆነ በቅርጹ ይገጥማል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት እንዲሰጥ ሆኖ ይሞላል። በሲ96 ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የሚወረወረውን መዝጊያ ይዞ የሚያስቀረው በአግድም የገባ አንድ ትንሽ ማገጃ ብረት ነው። እርሱ ቢሰበር ከመዝጊያው በስተኋላ ያለው የተኳሹ ፊት ነው። ስለዚህ ከመተኮስዎ በፊት ማገጃው ስንጥቅ እንደሌለው ባለሙያ ይይልዎት፤ በመዝጊያው ውስጥ ያለውን ሞላም በአዲስ ይለውጡት። ሞላው ሲደክም ማገጃው የሚቀበለው ምት ይበረታል።

በርሜሉም ይለካ። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩሱ ሲ96 ሽጉጦችን አሠርታ እጀታቸው ላይ ቀይ 9 ቁጥር አስቀርጻለች፤ ይሁን እንጂ እጀታ በቀላሉ የሚለወጥ ዕቃ ስለሆነ እኔ ቁጥሩን አይቼ ጥይት አልመርጥም።

የሚሞላው ከላይ ነው። አፈሙዙን ወደ ዒላማው ሜዳ አዙረው፣ ጣትዎን ከቃታው አርቀው፣ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ጥይት የሚጠራቀምበት መጋዘኑ ባዶ ከሆነ ተከፍቶ ይቆማል። አሥር ጥይት የሚደረደርበትን ቆርቆሮ በማስገቢያው ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙና ጥይቶቹን በአውራ ጣት ወደ ታች ይጫኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ቆርቆሮው በተነቀለ ቅጽበት መዝጊያው በኃይል ወደ ፊት ሄዶ የመጀመሪያውን ጥይት ያጎርሳል፤ መዶሻውም እንደተነሣ ይቀራል። ሽጉጡ ተቀባብሏል ማለት ነው። ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚያግደው የመጠበቂያው አሠራር በየዘመኑ ስለተለዋወጠ፣ ስለ አረጀም ጭምር፣ በእርሱ ተማምነው አይያዙት። ለመጀመሪያ ሙከራ በቆርቆሮው አንድ ጥይት ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ያስገቡ፤ ቃታውን አንዴ ስበው ሁለቱም ከተተኮሱ ሽጉጡ ወደ ጥገና ይመለስ። ድምፁ የታፈነ ተኩስ ከሰሙም ያቁሙና ሽጉጡን ባዶ አድርገው በርሜሉን ይፈትሹ፤ የጥይቱ እርሳስ በርሜሉ መሐል ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ ደግሞ አፈሙዙን ሳያዞሩ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ።

ሳይተኩሱ ለማውጣት አፈሙዙ እዚያው ሜዳ ላይ እንደተነጣጠረ መዝጊያውን እየሳቡ እየለቀቁ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ያውጡ። የመጨረሻው ሲወጣ መዝጊያው ተከፍቶ ይቆማል፤ ያን ጊዜም ጥይቱ የሚጎርስበትን የበርሜሉን ጉሮሮ በዓይንም በትንሿ ጣትም ይመርምሩ። የመጋዘኑን የታች ክዳን ፈትቶ ጥይቶቹን በዚያ ማርገፍም ይቻላል፤ በበርሜሉ ያለውን ግን አስቀድመው ያውጡ፤ እርሱ ከክዳኑ ጋር አይወርድም።