መልስ፦ አፑ አልቋል፣ ግን አይለቀቅም

ወንድሜ፣ «25 ዶላሩን ለጎግል ፕሌይ ከፍያለሁ፣ አፑም አልቋል፣ ለምን መሸጥ አልቻልኩም?» ላልከው፣ ችግሩ ኮድህ ላይ አይደለም። የግል አካውንትህ ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ የተከፈተ ከሆነ መጀመሪያ ዝግ ሙከራ ግድ ነው፤ ማለትም አፑ ለሁሉም ከመለቀቁ በፊት አንተ የጋበዝካቸው ሰዎች ይሞክሩታል። 12 ሰው፣ 14 ቀን፣ ሳይቋረጥ። ድሮ 20 ሰው ነበር፣ ቀንሰውልናል።

12 ሰው ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም ጓደኞቼን ለመንኩ፣ ሁሉም «እሺ፣ ችግር የለም» አሉ። ሊንኩን ስልክላቸው ግማሾቹ በሌላ ኢሜይል ገቡ። አንዷ ለካ አይፎን ነው የያዘችው። በዘጠነኛው ቀን ደግሞ አንዱ «ስልኬ ሞላ» ብሎ ከሙከራው ወጣ። 11 ቀረን፣ ቆጠራው እንደገና ከአንድ። አንተ 20 ያህል ሰው ያዝ፣ ኢሜይላቸውንም አጠገባቸው ቁጭ ብለህ አረጋግጥ።

እስከዚያው ሁለት ነገር እይ። አገርህ ከሽያጭ ገንዘብ መቀበል ከሚቻልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች? ሌላው፣ አፑን አንዴ በነጻ ከለቀቅከው በኋላ ወደ ሚሸጥ መቀየር አይቻልም። ዋጋውን ቀድመህ ወስን።

አፑን ለአይፎን ማውጣቱን ለጊዜው ተወው። በአፕል ገበያ ክፍያው 99 ዶላር በየዓመቱ ነው፣ ካላደስክ አፑ ከገበያው ይወርዳል።