የጦስኝ ዘይት ማንጎ ያድናል ወይ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ማንጎ ገበያ ሲገባ የጥያቄያችሁም ዓይነት ይቀየራል። የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ ሻጋታና ስለ «ዘይት» ናቸው።

ሎሚ ቅርጫት ውስጥ ኮሰረት ብጥልበት አይሻግትም ይባላል። እውነት ነው?

ቅርጫቱ ደስ የሚል ሽታ ይኖረዋል። ሎሚው ግን ይሻግታል።

ከዘጌ ማንጎ በጀልባ እያመጡ ባሕር ዳር የሚያከፋፍሉ አባት ናቸው። ማንጎው ሲለቀም ያምራል፤ ሰንበት ሲል ጥቁር ነጠብጣብ ይወርሰዋል። ልጃቸው «የጦስኝ ዘይት ውሃ ላይ ጠብ አድርጎ መንከር ነው» የሚል ቪዲዮ አሳይቷቸዋል። ስንት ጠብታ? ይላሉ።

አባቴ፣ ልጅዎ አልዋሸም። የጦስኝ ዘይት ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ነገሮች አሉ። የፈንገሱን ሽፋን በስተው ይገባሉ፤ የውስጡ ወደ ውጭ ይፈስና ይሞታል። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ሳህን ላይ፣ ይህ ደጋግሞ ታይቷል። ማንጎ ግን ሳህን አይደለም። ያ ጥቁር ነጠብጣብ አንትራክኖስ የሚባል የፈንገስ በሽታ ነው። ፈንገሱ ፍሬው ገና ዛፍ ላይ ሳለ፣ በእርጥብ ጊዜ፣ ልጣጩ ስር ገብቶ ይተኛል። ማንጎው ሲበስል ይነቃል። እርስዎ ከላይ ሲቀቡ እሱ ከስር ነው።

ዘይትና ውሃ እንደማይዋደዱ ደግሞ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ጠብታው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። መጀመሪያ የተነከረው ማንጎ ዘይቱን ጠቅልሎ ይለብስና ልጣጩ ይቃጠላል፤ አሥረኛው ምንም አይደርሰው። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ማዋሃጃ የሚጨምሩት ወይም ሰም መሰል ሽፋን ውስጥ የሚከቱት። ዋጋውም አለ፦ ከ100 ኪሎ ደረቅ ቅጠል 1 ወይም 2 ኪሎ ዘይት ቢገኝ ነው።

እኔም አላረፍኩም። አሥር ሎሚ ላይ የቅርንፉድ ዘይት በጥጥ ቀብቼ ነበር። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ክብ ሠራ። ሻጋታ እውነትም አልያዘውም። ግን ከጣና የወጣ ትኩስ ዓሣ ላይ ስጨምቀው ቤቱ በሙሉ የጥርስ ሐኪም ቤት ሸተተ። ባለቤቴ ዓሣውን ለድመቷ ሰጠችው፤ ድመቷም አልበላችውም።

ይልቅ እስቲ እንተማመን። ማንጎዎ በዱላ እየተመታ የሚወርድ፣ ማዳበሪያ ውስጥ የሚታጨቅ፣ ጀልባ ላይ ሰው የሚቀመጥበት ነው? እንግዲያው የቱም ዘይት አያድነው። በእጅ ወይም በመቀስ ይልቀሙት፤ ደሙ (ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ) ልጣጩ ላይ እንዳይፈስ አጭር ጭራ ያስቀሩለት። በሣጥን ያጓጉዙት፣ ጥላ ይፈልጉለት፣ የቆሰለውን ለይተው ያኑ ዕለት ይሽጡት። ከዚያ በኋላ ሙቅ ውሃ አለ፦ ወደ 52 ዲግሪ በሚጠጋ ውሃ ለ5 ደቂቃ መንከር ልጣጩ ስር የተኛውን ያዳክመዋል። በቴርሞሜትር እንጂ በእጅ እየለኩ አይደለም፤ ትንሽ ካለፈ ማንጎው ይቀቀላል። ዘንዘልማ ካለው የግብርና ኮሌጅ ባለሙያ ጋር በጥቂት ፍሬ ሳይሞክሩት ሙሉ ጭነት እንዳይነክሩ፣ አደራ።

የማንጎ ቅጠሌ ላይ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ምን ዓይነት ፈንገስ ነው?

በጥፍር ሲፋቅ ከተነሳ ፈንገስ ሳይሆን ነፍሳት ሊሆን ይችላል። ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩት።

የሻገተውን ቆርጬ ቀሪውን ፓፓያ ለልጆቼ ብሰጥስ?

አይሆንም። የሚታይሽ ፀጉር ላዩ ነው፤ ሥሩ ለስላሳው ሥጋ ውስጥ ገብቷል። ፓፓያም፣ ቲማቲምም፣ ማንጎም ይጣላል። እንጀራ ላይ እንደምናደርገው ፋቅ ፋቅ አይሠራም (እዚያም አይሠራም፣ ግን ማን ይሰማኛል)።

ቀበሌ 14 ያለች እናት የባሕር ዛፍ ዘይት ገዝታ ሙዝ ላይ ትረጫለች። በውሃ ፕላስቲክ አድርጋ ከምድጃው ስር አስቀምጣዋለች። «ስንት ወር ይቆያል?» ትላለች። የሦስት ዓመት ልጅ አላት።

እህቴ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሚና ተነሽ። ዘይቱ ውሃ ይመስላል፣ ያለውም በውሃ ዕቃ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ሕፃን ልጅን ራሱን ሊያስት ይችላል። ስም ጽፈሽበት፣ ክዳኑ በቀላሉ በማይከፈት ዕቃ፣ ቁልፍ ባለው ቦታ ይቀመጥ። ልጁ ቀመሰ ብለሽ ከጠረጠርሽ እንዳታስታውኪው። «እስኪ ትንሽ እንየው» ብለሽ እንዳትጠብቂ፤ ዕቃውን ይዘሽ በቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ስለ ሙዙ ሌላ ሳምንት እናወራለን።